ለጠላቴ እልል ያልሁበት ችሎት

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ደሴ ላይ የበደለኝ ሰው ስሙ ግዛው መሸሻ ነው። ዳኛ ነበር። ስሙን ለብዙ ዓመት በጎረቤት ጆሮ ብቻ ስናገር ኖሬአለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የምፈራው አለቃም የለኝም፣ ስለዚህ በሙሉ እጽፈዋለሁ።

በዚያ ፍርድ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ውሳኔ ስተይብ ኖርሁ። አባቴ ሲሞት የተወልኝን ቤት ቀበሌው «ትርፍ ነው» ብሎ ወሰደብኝ፤ ሊቀ መንበሩ ለሚስቱ ወንድም ፈልጎት ነበር። ከሰስሁ። ፍርድ ቤቱ ከእኔ ሌላ ታይፒስት ስላልነበረው የገዛ ክሴን ውሳኔ የተየብሁት እኔው ነኝ። ሐሙስ ዕለት ግዛው በእጁ ጽፎ የሰጠኝ ወረቀት ቤቱ ይመለስላት ይላል። ተየብሁና ለፊርማ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለለት። ዓርብ ጠዋት፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ያኛው አይመለስላትም ይላል። እሱንም ተየብሁት። አንድ ፊደል አልሳትሁም። የሐሙሱ ዋና ተቀደደ፤ በካርቦን የወጣው ቅጂ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ቀርቶ ነበርና ወደ ቤት ወሰድሁት።

ዐሥራ አራት ዓመት አለፈ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሕገ መንግሥት ወጣ፣ ግዛውም ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ገርጂ ገባ። ይህን የነገረችኝ የድሮ ጎረቤቴ ዘሃራ ናት፤ ከባሏ ከሰይድ ጋር እዚያው ገርጂ ይኖራሉ። ባለፈው ኅዳር ስትደውልልኝ አንድ ወሬ ጨመረችበት። አንድ ባለ ፎቅ ሀብታም የግዛውን ግቢ ገፍቶ አጥር አጥሮበታል፣ ግዛው ከስሷል፣ ውሳኔው በሚመጣው ሐሙስ ነው፣ ሀብታሙ ግን ትልቅ ሰው ስላለው ሽማግሌው መረታታቸው አይቀርም አለችኝ።

ለዓይኔ ሐኪም መጥቼ ልታይ ነው አልኋት። ዓይኔ ደኅና ነው። የምሄደው ግዛው ሲፈረድበት ለማየት ነበር። ተረትቶ ሲወጣም በሰው ፊት አቁሜ የሐሙሱን ቅጂ ላነብለት።

ማክሰኞ። መኪናው ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል ቢሉኝ በዐሥር ተኩል መናኸሪያ ተገኘሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም፤ መኪናው ግን አረፈደ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ በሶ፣ ለዘሃራ አንድ ጣሳ ማር፣ ከሥር ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለው ወረቀት አለ። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው የዶሮ ቅርጫቱን ቦርሳዬ ላይ ሊጭን ሲል «ከሥሩ ፍርድ አለበት» አልሁት። ምን እንደ ገባው አላውቅም፣ ብቻ ዶሮዎቹን እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ጭኑ ላይ ይዞ ሄደ።

ኮምቦልቻ ስንወርድ ፀሐይዋ ወጣች። ከከሚሴ ወዲያ ሜዳው ሁሉ የታጨደ ማሽላ ነው። የእኛ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተጨብጣ፣ ጉሟን ተከናንባ ስለምትኖር፣ እንዲህ ያለ ሰፊ ሰማይ ሳይ የሰው ቤት ሳላንኳኳ የገባሁ ይመስለኛል። ሸዋ ሮቢት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ ነበረ፣ ክሪኩን ግን ረዳቱ ደሴ ረስቶታል። ሹፌሩ ረዳቱን ሲሰድበው ሰማሁና ስድቡ ደንበኛ ስለነበረ ደስ አለኝ። የሚያልፍ መኪና ክሪክ እስኪያውሰን ሁለት ሰዓት ግራር ሥር ተቀመጥን። አንዲት ገበሬ ከማሳዋ ጥንቅሽ እየቆረጠች ለተሳፋሪው ሁሉ አደለች። ማናችንንም አታውቅም። ስልሳ ሰው መንገድ ዳር ተደርድሮ ጥንቅሽ ሲያኝክ ማየት ሠርግ ይመስላል። ጥርሴ አይችልም ብዬ ነበር፤ ሁለት አገዳ ጨረስሁ።

ሸዋ ሮቢት ሽሮ በላን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በመስኮት ገዛን። ጣርማ በርን በዋሻው አልፈን ስንወጣ ብርዱ እንደ ደሴ ሰኔ ያዘንና ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጋቢውን አወጣ። መገናኛ ስደርስ ሊመሽ ነበር። ሰይድ አሸዋ በሚያመላልስበት ትልቅ መኪና መጥቶ ጠበቀኝ። መወጣጫው ወገቤ ድረስ ነው። እሱ ከላይ እየሳበኝ፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ከኋላ እየገፉኝ ወጣሁ። አንደኛው «እማማ፣ ሲወርዱ ይቀልዎታል» አለኝ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ መንገድ የዘጋብንን ሚኒባስ ታርጋ ለሰይድ አነበብሁለት፣ አዲስ አበባንም አየኋት፤ ሚኒስትር እንኳ እንዲህ ከፍ ብሎ አይገባም።

ረቡዕ። ዘሃራ አዲስ ድስትና አዲስ ጭልፋ ገዝታ ጠበቀችኝ። እኔ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም፣ ሥጋችን ለየብቻ ነው። ወሩ ግን ጾመ ነቢያት ነበርና ምስርና ጎመን ማንንም አይለይም። «ጾሙ በጀን» አለች። አንድ ትሪ ላይ በላን። የገዛ እኅቴ ልጅ እዚህ ከተማ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ በጥሩ ቤት እንደምትኖር አውቃለሁ። ለሠርጓ ሳትጠራኝ ስለቀረች እኔም መምጣቴን አልነገርኋትም።

ገርጂ ገና ሰፈር ለመሆን እየታገለች ነው። ከአንድ ቪላ ቀጥሎ ጎመን የተተከለበት መሬት አለ፣ ከጎመኑ ቀጥሎ የባሕር ዛፍ መወጣጫ የቆመለት ሕንጻ። አውሮፕላኑ ጣሪያ ሊነካ እየመሰለ ያልፋል። ደሴ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና የማይል የለም፤ እዚህ የዘሃራ ድመት እንኳ ጆሮዋን አታነሣም።

ከሰዓት በኋላ ዘሃራ ቦሌን ላሳይዎ ብላ በሚኒባስ ወሰደችኝ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሰው በቀን ብርሃን ምንም ሳይሠራ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ ይጠጣል። የደሴ ፒያሳ ላይ እንዲህ የሚቀመጥ ወይ ደላላ ነው ወይ የታመመ። ጾመኛ ነኝ ስል አሳላፊው ሻይ አመጣልኝና «እናቴ፣ ወተት የሌለበት ቦሌ ይኸ ብቻ ነው» አለኝ። ሣቅሁ። ከሣቅሁ በኋላ ለምን እንደ መጣሁ ትዝ አለኝና ፊቴን መለስሁ።

ስንመለስ የግዛው ቤት በየት በኩል ነው አልኋት፤ እንዲያው ለወሬ አስመስዬ። አሳየችኝ። የቆርቆሮው አጥር ግቢውን ሰንጥቆ ከመኝታ ቤቱ መስኮት አንድ ክንድ ላይ ቆሟል። መስኮቱ አይከፈትም። ከአጥሩ ወዲያ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ እየተሠራ ነው። ቆሜ አየሁት፣ በደንብ አድርጌ አየሁት። እያየሁ ሳለ የፈነዳ የውኃ ቧንቧ ያበላሸው መንገድ ውስጥ ገብቼ ቀኝ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው። ሁለት ሰው በእንጨት ፈልጎ አጣው። ዘሃራ እየሣቀች የራሷን የላስቲክ ጫማ አጫማችኝና እሷ በባዶ እግሯ ቤት ገባች። እስክቀበር ድረስ ይህን አልረሳውም።

ማታ እራት ላይ ሰይድ ዓይኑን ትሪው ላይ ተክሎ ተናገረ። አሸዋውን ለዚያ ሕንጻ የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ ሥራ ስለሆነ ነው እንጂ ያንን መስኮት ባየ ቁጥር ያፍራል። «ሽማግሌው እውነት አላቸው» አለ። «ግን ነገ ስልክ ይደወላል ይባላል።»

«ከተደወለማ ምን ቀረ» አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ሻዬን ጨረስሁ። ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐሙስ። ችሎቱ ቦሌ አካባቢ የተከራዩት ቪላ ውስጥ ነው። ዳኛዋ የምትቀመጠው ሳሎኑ ውስጥ ነው፣ መዝገብ ቤቱ ወጥ ቤት የነበረው ክፍል ነው፤ ፋይሎቹ የሣህን መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። እኛ ደሴ ድሮ ለዳኛው ከፍ ያለ ወንበር፣ ከኋላው ሥዕል ነበረን። ወንበሩ ከፍ ይላል፣ ስልኩ ግን ከወንበሩ ይበልጥ ነበር። ዘሃራን ሐኪም ጋ ነኝ ብያት የላስቲክ ጫማዬን ከቀሚሴ ሥር ደብቄ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ወረቀቱ እጄ ውስጥ ነው።

ግዛው ገባ። አርጅቷል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ዐሥራ አራት ዓመት ስረግመው አንድ ቀን እንኳ ሽማግሌ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር። በወዲያኛው በኩል ሀብታሙ ከጠበቃው ጋር ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ስልክ የሚጠብቅ ሰው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነው የሚያየው።

ዳኛዋ ከአርባ አትበልጥም። ውሳኔውን ልታነብ መዝገቡን እንደ ከፈተች ጸሐፊው ከወጥ ቤቱ ወጥቶ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ አለ። እኔ ይህችን መጎንበስ አውቃታለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የመጣሁት ለዚሁ ነበር። ግን ትዝ ያለኝ ያ የዓርብ ወረቀት ነው።

«ጮክ ብለህ ተናገር» አለችው ዳኛዋ። «እዚህ በጆሮ የሚነገር የለም።»

ጸሐፊው ተቅለሰለሰ። ስልክ ነው፣ ከአንድ ቢሮ ነው፣ ስለዚህ መዝገብ ሊያነጋግሩዎት ነው፣ መስመር ላይ እየጠበቁ ነው አለ።

«እንግዲያው ይጻፍ» አለች። ወደምትጽፈው ልጅ ዞራ ቀስ እያለች አጻፈቻት። በዚህ ሰዓት ስለዚህ ጉዳይ ስልክ መደወሉን፣ ችሎቱም አለማንሣቱን። ደዋዩ የሚሉት ካለ በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ለሁለቱም ወገን ግልባጭ ይደርሳቸዋል አለች። ጸሐፊውንም «ሂድና ዝጋው» አለችው።

ልጅቷ የጽሕፈት መኪናውን ቁልፎች ስትመታ ሰማሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስተይብ ያችን ዓረፍተ ነገር አንድም ቀን አልተየብኋትም። የጃንሆይም ሕግ ዳኛ ነፃ ነው ይል ነበር፣ ይኸኛውም ይላል፤ እኔ ግን ቃሉን ወረቀት ላይ እንጂ ሰው ላይ አይቼው አላውቅም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እየተባልሁ ነው ያደግሁት። እና ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ እልል አልሁ። ሳላስበው፣ ረጅም አድርጌ፣ እንደ ሠርግ። ችሎት ውስጥ የሳለውን ሁሉ ስገሥጽ የኖርሁ ሴት።

ዳኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ ከከሳሽ ወገን ነዎት?»

«አይደለሁም» አልሁ። «ጠላቱ ነኝ።»

ሰዉ ሣቀ። እሷ ሣቋን ዋጥ አደረገች። «እንግዲያው ውጭ ሆነው ይደሰቱ» አለችኝና አስወጣችኝ። ልክ ነበረች፤ እኔም ብሆን አስወጣ ነበር። ቀሪውን በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል አዳመጥሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወንበር አቀበለችኝ፣ ሙያችን አንድ መሆኑን ስትሰማ ደግሞ ሻይ ጨመረችልኝ። አጥሩ በሦስት ቀን ውስጥ ይነሣ ተባለ። ሀብታሙ ይግባኝ እንደሚል ጠበቃው ተናገረ፤ ይበል፣ እሱም መብቱ ነው። ወረቀቱን ለማንበብ ብድግ አላልሁም። የተረታ ሰው ላይ ነበር ልቆምበት የመጣሁት፣ ይኸኛው ግን አሸንፏል፤ ያሸነፈበትን ነገር ደግሞ እኔ ነኝ ዐሥራ አራት ዓመት ስፈልገው የኖርሁት።

ግዛው ሲወጣ ከፊቴ ቆመ። «ወርቅነሽ ነዎት?» አለኝ። ድሮ አንቺ ነበር የሚለኝ። ነገ ምሳ ቤት ይምጡ አለ። እሺ ያልሁት ለምሳው አይደለም።

ዓርብ። ስደርስ ሠራተኞች ቆርቆሮውን እየነቀሉ ነበር፤ ሀብታሙ እንዳይቀጣ ፈርቶ ይሆናል፣ ሦስተኛውን ቀን አልጠበቀም። ሰይድ ግቢው ላይ የተራገፈውን አሸዋ መልሶ እየጫነ ነው። ሲያየኝ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «እትዬ ወርቄ፣ ሐኪሙ እዚህ ነው እንዴ?» አለኝ። ወደ ግቢው ገባሁ።

የግዛው ባለቤት የሱፍ ፍትፍት አቀረበች። በላሁ፤ ጥሩ ነበር፣ ጥሩ አይደለም ብል ውሸት ይሆናል። ከበላን በኋላ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። የካርቦኑ ቀለም ወይቧል፣ ፊደሉ ግን ይነበባል።

«አንድ ፊደል አልሳቱም» አለኝ።

«የዓርቡንም አልሳትሁም።»

አንገቱን ደፋ። ስልኩ ከማን እንደ ነበር ነገረኝ፤ ያ ሰው ሞቷል፣ ስሙን አልጽፈውም። እንቢ ቢል በማግስቱ ወደ በረሃ እንደሚያዛውሩት፣ ምናልባትም እንደሚያስሩት፣ ልጆቹ ገና ትናንሽ እንደ ነበሩ ተናገረ። ይህን ሁሉ ሳይነግረኝም አውቀው ነበር።

«ትናንት ያቺ ዳኛ ስልኩን አላነሣችም» አልሁት።

«አላነሣችም» አለ። «እኔ ጀግና አልነበርሁም፣ ወርቅነሽ። ግን አገር በጀግና ዳኛ አይኖርም፤ ጀግና በየወረዳው አይገኝም። የሚያስፈልገው ስልኩን ባለማንሣቱ እንጀራውን የማያጣ ዳኛ ነው። ያኔ እንደኔ ያለ ፈሪም እውነት ይፈርዳል።»

ይህን ከእሱ መስማቴ አናደደኝ፤ እውነት ስለሆነ። እኔም ጨመርሁበት። የትናንቷ ዳኛ ስልኩን ዘጋች ማለት በአገሩ ያለው ስልክ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ነገ እሷን ማን እንደሚያዛውራት፣ ሲያዛውራትም ለምን ብሎ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ነው ማየት ያለብን። ሕጉ የተጻፈው ለእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትናንት ግዛው በተረታ ነበር፤ ለግዛው ብቻ ከሆነ ደግሞ ነገ እኔ እረታለሁ። ዳኛዋ ማናችንንም ሳታውቅ ነው የፈረደችው።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርሁት። ከቅጂው ግርጌ በእጁ ይጻፍ፦ የሐሙሱ ውሳኔ የእሱ እንደ ነበረ፣ የለወጠውም በስልክ እንደ ሆነ። እስክሪብቶውን አነሣ። ደግ ለመሆን ፈልጎ ይመስለኛል፣ «የሰባ ስድስቱን ቀን ልጻፍበት? ይበልጥ ይጠቅምዎታል» አለ።

«የዛሬውን ይጻፉ» አልሁት። «ወደ ኋላ የተጻፈ ቀን ከስልክ አይሻልም።»

የዚያን ዕለቱን ቀን ጽፎ ፈረመ። ባለቤቱ ሄዳ የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፈተች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክረምት ወዲህ ነው አለች። አውሮፕላን አለፈ፣ ሣህኑ ተንቀጨቀጨ።

ቅዳሜ። ዘሃራ መገናኛ ድረስ ሸኘችኝ። እውነቱን ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ። «እትዬ፣ ማክሰኞ ዕለት ከመኪናው ላይ ሆነው የሚኒባሱን ታርጋ ለሰይድ አንብበውለት የለ እንዴ? የምን ዓይን?» አለችኝ። ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል። የላስቲክ ጫማውን ልመልስላት ባወልቅ እንቢ ብላ በኃይል አጠለቀችልኝ። መኪናው በሰዓቱ ተነሣ፤ ጎማም አልፈነዳ። ያችን ጥንቅሽ የሰጠችን ሴት ልያት ብዬ መስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ፣ ማሳው ግን ታጭዶ አልቆ ነበር። ከሐርቡ ወዲያ ጦሳን ሳይ ጉሙ እንደ ወትሮው ተጭኖታል።

ግዛው መሸሻን ይቅር አላልሁትም። ሰኞ ጠዋት አቤቱታዬን ራሴ በሦስት ቅጂ ተየብሁና፣ የፈረመበትን ወረቀት አያይዤ፣ ደሴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አስገባሁ።